«ጎግሉን የት አደረግከው?»

የኮምፒውተር ማሠልጠኛው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው፤ ስሙ ይቅር። 12 ኮምፒውተር አለው፣ ሁሉም ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ 3፣ 4 ጊጋ ራም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በኦክቶበር 2025 ሲያበቃ ዊንዶውስ 11ን የሚሸከም አንድም ስላልነበረ እኛ ሊኑክስ ሚንት 22 የተባለውን ነጻ ሥርዓት፣ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢውን ጫንን። አንዱን አስተካክሎ ዲስክን እንዳለ በሚገለብጠው ክሎንዚላ ወደ 11ዱ መገልበጥ፣ ከዚያ የእያንዳንዱን ስም ከ«ክፍል 01» እስከ «ክፍል 12» መቀየር የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሦስት ቀን የፈጀው ብሮውዘሩ (የኢንተርኔት መክፈቻው) ነው።

የማሠልጠኛው ባለቤት የተረከቡ ዕለት አንዱ ላይ ቁጭ አሉና «ጎግሉን የት አደረግከው?» አሉ። ፋየርፎክስ፣ ምልክቱ ቀበሮ የሆነው ብሮውዘር፣ ተከፈተላቸው፣ ጎግልም ተከፈተላቸው።

«ይኸው ጎግል፣ እትዬ።»

«ይሄማ ቀበሮው ነው።»

«ቀበሮው በሩ ነው። አሁን የገቡበት ቤት ጎግል ነው።»

«ልጄ፣ እኔም በሩን ነው የምልህ። ልጆቹ የለመዱት ያንን ክቡን፣ ባለ አራት ቀለሙን ነው። ቀበሮ ሲያዩ ሌላ ትምህርት መስሏቸው ገንዘባችንን መልሺ ይሉኛል።»

የሚሉት ክሮምን፣ የጎግልን ብሮውዘር ነው። ለዚህ መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም።

ፋየርፎክስ የተመረጠው በፍቅር አልነበረም። ሚንት ላይ ተራ የዴብ ፓኬጅ (የተለመደው የሶፍትዌር ጥቅል) ነው፤ ከሌላው ማሻሻያ ጋር ተሰልፎ፣ ሰው ሲፈቅድለት ይወርዳል። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ ላይ ግን ከ22.04 ጀምሮ ኡቡንቱ ራሱ የሚሰጥህ ስናፕ በሚባል ሌላ ዓይነት ጥቅል ነው። ስናፕ ተጨምቆ የሚቀመጥ ስለሆነ ማሽኑ እንደተነሣ የመጀመሪያው አከፋፈት ያዘግማል፣ ሃርድ ዲስኩ የሚሽከረከር ከሆነማ ቡና አፍልተህ ትመለሳለህ። በቀን አራት ጊዜ ማሻሻያ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ አሮጌውን ቅጂም ዲስክ ላይ ያቆያል፣ አብሮት የሚወርደው የግኖም ዴስክቶፕ መደገፊያ ለብቻው ግማሽ ጊጋ ገደማ ነው። 12 ማሽን በአንድ የሞባይል ዳታ ራውተር ላይ ይህን ሲያደርግ የዳታ ፓኬጁ ምሳ ሰዓት ላይ አይደርስም። ኡቡንቱን አልለቅም ያለ ሰው ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የፋየርፎክስ ሠሪው ሞዚላ ራሱ ከሚያቀርበው ማከማቻ ዴቡን መጫን ይችላል፤ ግን የማከማቻውን ቅድሚያ 1000 አድርጎ ካልጻፈ ኡቡንቱ በሚቀጥለው ማሻሻያ ስናፑን መልሶ ያስገባበታል። የኡቡንቱ ፓኬጅ ስናፑን ከመጥራት ሌላ ሥራ የለውም፤ የቅጂ ቁጥሩ ግን ከእውነተኛው እንዲበልጥ ሆኖ የተጻፈ ነው።

ይህን ሁሉ ለባለቤቷ ማስረዳት አይቻልም፤ ቀለም ነው የጠየቁት።

በሁለተኛው ቀን የቤተሰብ ወዳጅ የሆነ አንድ አዋቂ መጣ። «ክሮሚየም ከክሮም አንድ ነው፣ ነጻ ስለሆነ ደግሞ ይሻላል» አለ። ነጻነቱ እውነት ነው፤ ክሮም የተሠራበት ክፍት ኮድ ነው። አንድ ነው የሚለው ግን ከ15 ማርች 2021 ወዲህ አያስኬድም፤ ጎግል ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲንኩን ለክሮሚየም ዘግቷል፤ ተማሪው በአካውንቱ ገብቶ ዕልባቱንና ፓስወርዱን እንደ ክሮም ይዞ መዞር አይችልም። ይህ ተነገረው፣ ሳቀ፣ ጫነው። ባለቤቷ ሰማያዊዋን ክብ ትንሽ አዩዋትና «ይሄ ቀለሙ የለቀቀ ጎግል ነው» አሉ። ስለ ክሮሚየም ከዚህ አጥሮ ሲነገር አልሰማንም።

አዋቂው እንዳያፍር ይሁን እንዲያፍር እንጃ፣ ወዲያው ዋናውን ክሮም ከጎግል አወረደ። ዋናው ማሽን፣ «ክፍል 01» ላይ ጫነው፣ ከፈተው፣ ሠራ። ክፍት እንዳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ማሽኑን በመደበኛው መንገድ ሳያነሣው በቀጥታ በክሎንዚላው ፍላሽ አስነሥቶ ወደ 11ዱ ገለበጠ፣ ስማቸውን ቀየረ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት «ክፍል 01» ላይ ክሮም ይከፈታል። 11ዱ ላይ አይከፈትም። ፕሮፋይሉ (የተጠቃሚው ቅንብርና መረጃ) በሌላ ኮምፒውተር ባለ ሌላ የክሮም ሂደት (እየሠራ ባለ ክሮም) ተይዟል የሚል መስኮት ይመጣል፤ የኮምፒውተሩንም ስም ይጠራል፣ «ክፍል 01»። አዋቂው ኔትወርክ ነው ብሎ ገመድ ነቀለ። ቫይረስ ነው አለ። ከዚያ በሦስት ማሽን ላይ ክሮምን አጥፍቶ እንደገና ጫነ፣ በእያንዳንዱ ከ100 ሜጋ በላይ። መስኮቱ ያው መስኮት ነው። ቀበሮው በ12ቱም ላይ ያለ አንዳች ቅሬታ ይከፈታል፤ ይህን ጮክ ብሎ የተናገረ አልነበረም፣ ሁሉም ግን አይቶታል።

ነገሩ ቀላል ነው። ክሮም ሲከፈት ፕሮፋይሉ ፎልደር ውስጥ ሲንግልተን ሎክ የሚባል ምልክት ያኖራል፤ ምልክቱ የማሽኑን ስምና የሂደቱን ቁጥር ይዟል። በሥርዓት ሲዘጋ ያነሣዋል። መብራት ሲሄድ ግን ይቀራል። ያው ማሽን ላይ ቢሆን ክሮም ስሙ የራሱ መሆኑን፣ ሂደቱም መሞቱን አይቶ ይከፈታል፤ «ክፍል 01» የሠራው ለዚህ ነው። ስሙ የተቀየረ ማሽን ላይ ግን ያ ሂደት ሌላ ቦታ በሕይወት ይኑር አይኑር ማወቅ ስለማይችል እጁን ይሰበስባል። ፕሮግራሙን ነቅሎ መጫን አይረዳም፤ ፕሮፋይሉ ያለው ተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ነው፣ ማራገፉ አይነካውም።

መፍትሔውም አጭር ነው። ፋይል ማናጀሩ ላይ ኮንትሮልና ኤች ተጭኖ የተደበቁትን ማሳየት፣ ኮንፊግ ውስጥ ጎግል ክሮም የሚለው ፎልደር ገብቶ በሲንግልተን የሚጀምሩትን ሦስቱን ፋይሎች ማጥፋት። ከመገልበጥ በፊት ደግሞ ዋናውን አንድ ጊዜ አስነሥቶ ክሮምን ከፍቶ በሥርዓት መዝጋት። እኛ ዘንድ ይህ ትንሽ ኩራት አለው፤ አዋቂው ሁለት ሰዓት የለፋበትን በግማሽ ደቂቃ ማንሣት። «ክፍል 02» ተከፈተ። «ክፍል 03» ተከፈተ። «ክፍል 04» ላይ ፎልደሩ ውስጥ ሳለን ከኋላ የባለቤቷ ድምፅ መጣ፤ «ይኸው ተከፈተ እኮ!»

«ክፍል 08» ላይ ተቀምጠዋል፣ ክሮም ወለል ብሎ።

«ምን ነክተው ነው፣ እትዬ?»

«ያለውን ነዋ። ሁለት ነገር ነው የሚጠይቀው፤ አንዱ ተወው ይላል፣ አንዱ እንደገና አስነሣው ይላል። እንዲነሣ ነው የምፈልገው።»

እውነታቸውን ነው። መስኮቱ ሌላ የሚጠቀም እንደሌለ እርግጠኛ ከሆንክ ቁልፉን ፈትቼ ላስነሣው ይላል፣ አዝራሩም እዚያው ከሥሩ ነው። አዋቂው ጠዋቱን ሙሉ መውጫውን ሲጫን ነበር። እኛ ደግሞ ምክንያቱን ስለምናውቅ መስኮቱን እስከ ታች አላነበብነውም። የቀሩትን እሳቸው ናቸው እየዞሩ የከፈቷቸው፤ ፎልደር ውስጥ ከመግባት ይፈጥናል።

ለኛ የተረፈን ሌላው ነው። ማሽኖቹ ያለ ፓስወርድ በቀጥታ እንዲገቡ ስለተደረገ የቁልፍ ማኅደሩ (ፓስወርዶች ተቆልፈው የሚቀመጡበት) አይከፈትም፣ ክሮም ደግሞ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር የማኅደሩን ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ለማሠልጠኛ ማሽን ስለሆነ የማኅደሩን ፓስወርድ ባዶ ማድረግ ይበቃል፣ የሰው የግል ላፕቶፕ ላይ ግን አይደረግም። ዜድራም ተጭኖ ከራሙ ግማሽ ያህሉ ለተጨመቀ ስዋፕ፣ ራም ሲሞላ ለሚያግዘው ማሟያ፣ ተሰጠ፤ በ4 ጊጋ ላይ ክሮም 10 ታብ ሲከፈትበት ልዩነቱ ይታያል። የክሮም ራም ቆጣቢም (ሜሞሪ ሴቨር) በርቷል።

መጋዘን ውስጥ የተገኘ 13ኛ ማሽን ነበር፣ 32 ቢት (የቀድሞው ዓይነት ፕሮሰሰር)። ለሱም ባለ አራት ቀለሙን ጠየቁ። ጎግል 32 ቢት ሊኑክስን በማርች 2016 ትቶታል፤ ፋየርፎክስ ራሱ በ144ኛው ቅጂ አብቅቷል፣ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው 140 ቢያንስ እስከ ሴፕቴምበር 2026 እንደሚቆይ ነው የተነገረው። ኤልኤምዲኢ 6 (በዴቢያን ላይ የተሠራው ሚንት) ተጭኖበት ቀበሮው ገባ። «ይሄ ለዘበኛው ይሁን» አሉ።

ሂሳቡ ሲዘጋ ደረሰኙ ላይ በራሳቸው እጅ የጻፉት «የጎግል ጥገና፣ 12 ኮምፒውተር» ይላል። የተበላሹት 11 ነበሩ፣ እኛ ያነሣናቸውም ሦስት። አላረምንም።