ገጭቶ የሮጠው ሰው ጥሎት የሄደው ስባሪ

ስምሪት ክፍል የሠራ ሰው ገና ከ«ሄሎ»ው ነገሩን ያውቀዋል። ጎማ የፈነዳበት ሾፌር እየተነጫነጨ ነው የሚደውለው። የተገጨ ሾፌር ግን ከቃሉ በፊት ትንፋሹ ይሰማል። ያን ቀን የደወለው ረዳቱ ነበር። «ገጭቶን አመለጠ! ጋሼ ሊከተለው ነው!» አለኝ።

መኪናችን ቀይ ፒክአፕ ናት። መስቀለኛ መንገድ ላይ መብራት ይዟት ቆማለች። ነጭ የጭነት መኪና ከኋላ መጥቶ በግራ በኩል ልሹለክ ሲል የኋላ ጎኗን ጨፈለቀው። ትንሽ ገታ አለና መልሶ ነዳጅ ረገጠ። ጋሼ የድርጅቱ አንጋፋ ሾፌር ናቸው። ደማቸው ፈልቶ ማርሽ አስገብተዋል።

«ስልኩን ለጋሼ ስጣቸው» አልኩት። «ጋሼ፣ ሞተሩን ያጥፉት።»

«አንተ ልጅ፣ ዓይኔ እያየ ሊሄድ ነው እኮ!»

«ይሂድ። ግድ የለም፣ ያጥፉት።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አይስማማኝም። ወንድነትም ይገባበታል። ግን ገጭቶ የሚሮጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከግጭቱ ሌላ የሚሸሸው ነገር አለው። ሰክሮ ይሆናል፣ መንጃ ፈቃድ አይኖረውም ይሆናል፣ መኪናው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ግጭት ያልቆመ ሰው ሁለተኛውን አይፈራም። የተገጨ መኪና ደግሞ ጎማው ወይ ፍሬኑ ምን እንደሆነ ሳይታይ አይነዳም። በዚያ ላይ ቦታውን ለቅቀህ ከሄድክ ማን ገጪ ማን ተገጪ እንደሆነ የሚያሳየው ነገር ሁሉ በሌላ መኪና ጎማ ይዳጣል። ቆሞ የሚጠብቅህ ማስረጃ ጥለህ የሚሸሽ ታርጋ ታሳድዳለህ ማለት ነው።

ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። ተቆጥተዋል። ቀጥዬ የጠየቅኩት የተጎዳ ሰው እንዳለ ነው። የተጎዳ ቢኖር ሌላው ሁሉ ይቆይና አምቡላንስ ይቀድማል። የሚቃጠል ነገር ወይ ሌላ ቅርብ አደጋ ከሌለ ተጎጂውን ከቦታው አለማንቀሳቀስ ነው። ሁለቱም ደህና ነን አሉ። አራቱንም ፍሬቻ አብርተው፣ ትሪያንግሉን ከኋላ ራቅ አድርገው አስቀምጠው፣ ራሳቸው ወደ እግረኛ መንገዱ እንዲወጡ አደረግኩ። ረዳቱ ወዲያው ለፖሊስ ደወለ።

ከዚያ ያስቸገረኝ ወሬው ነው። ሰው ተሰብስቧል። አንዱ ታርጋው በሰባት ያልቃል ይላል፣ ሌላው በአንድ። ሦስት ሰው ተሰብስቦ ሲያወራ ድምፁ የጎላው ሰው ያየው ነገር የሁሉም ትዝታ ይሆናል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁሉም ያንኑ ቁጥር ይምልልሃል። ስለዚህ ረዳቱን «ከማንም ጋር ሳታወራ ዞር በልና ያየኸውን በድምፅ ላክልኝ» አልኩት። ጋሼም ለብቻቸው እንዲሁ አደረጉ። የድምፅ መልእክት አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ የተላከበት ሰዓት አብሮት ይቀመጣል።

ጋሼ የታርጋውን የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ይዘዋል። ሌላው አምልጧቸዋል። ረዳቱ ቁጥር አላየም። ግን የጭነት መኪናው ሰማያዊ ሸራ እንደለበሰ፣ የሸራው አንዱ ጥግ እንደተቀደደ፣ በየት በኩል እንደታጠፈ ነገረኝ። የሁለቱ መልእክት ሲገጣጠም ጎዶሎው ታርጋ ብዙ ዋጋ አገኘ። ከተሰበሰበው ሰው መሃል ከግጭቱ በፊት ጀምሮ ቆመው ያዩትን ሁለት ሰዎች ስምና ስልክ ረዳቱ ያዘ። በኋላ የደረሰው ሰው ምስክር አይደለም፤ ተመልካች ነው።

ረዳቱ ጠንቃቃ ልጅ ነው። የሰው ጎማ እንዳይበሳ ብሎ ስብርባሪውን በእግሩ ወደ ዳር ሊጠርግ ጀምሮ ነበር። «ተው! መጀመሪያ ፎቶ» አልኩት። ዳር ሆኖ ከሩቅ መንገዱን በሙሉ አነሳ። መኪና ጋብ ሲል ቀርቦ እያንዳንዱን ስባሪ ባለበት አነሳ። መጠኑ እንዲታወቅ ቁልፍ ከጎኑ አስቀምጦ።

ከላከልኝ ፎቶዎች አንዱን አሁንም አስታውሰዋለሁ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የፊት መብራት ስባሪ ናት። ላይዋ ላይ ክብ አለ፣ ክቡ ውስጥ ኢ የምትባለዋ የላቲን ፊደልና አንድ ቁጥር። ይህ የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች የማረጋገጫ ምልክት ነው። ቁጥሩ ማረጋገጫውን የሰጠውን አገር ያሳያል፤ 1 ጀርመን፣ 4 ኔዘርላንድስ። መኪናው እዚያ ተሠራ ማለት አይደለም። ከአጠገቡ ግን ብዙ ጊዜ የአምራቹ ምልክትና ሌሎች ቁጥሮች ይኖራሉ። መለዋወጫ የሚያውቅ ሰው ከነዚያ ተነስቶ መብራቱ ለየትኛው ሞዴል እንደሚሆን ይነግርሃል። በዚያ ላይ ስባሪ እንደተቀደደ ወረቀት ነው፤ የሚገጥመው ከተገነጠለበት ጋር ብቻ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ ቦታውን ለክቶ ንድፍ አነሳ፤ ስባሪዎቹንም በፖስታ አሽጎ ወሰዳቸው።

ቢሮ ያለው ጣጣ ከመንገዱ ይብሳል። ፋይናንስ ክፍል «መኪናዋ በቆመች ቁጥር ገቢ ቆመ፣ ዛሬውኑ ጋራዥ ትግባ» አለ። እኔ አይሆንም አልኩ። ቀዩ ላሜራ ላይ ነጭ ቀለም ተላጥፏል። ጋራዥ ከገባች ቀጥቅጠው፣ ስቱኮ ለቅልቀው፣ ማስረጃውን በንጹህ ቀለም ይሸፍኑታል። የመኪና ቀለም ንብርብር ነው። ከሥር ማያያዣው፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ ከላይ ቫርኒሹ። እንደገና የተቀባ መኪና ተጨማሪ ንብርብር ይኖረዋል፤ ባለሙያ የሚያነጻጽረው ይህንን ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ፖሊስና ኢንሹራንስ አይተው እስኪፈቅዱ አትታጠብም፣ አትጠገንም። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን እያጠቆረ ፈረመልኝ።

እኔ በበኩሌ የሮጥኩት ለካሜራ ነው። ከሁሉም ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። መቅጃው ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ይቀዳል። አንዳንዱ ወር ያቆያል፣ አንዳንዱ ሳምንትም አይሞላም። መስቀለኛው ላይ ካለው ሕንፃ ጥበቃው «ያለ ደብዳቤ አይሆንም» አለኝ። ልክ ነው። ስጡኝ ብዬ አልተከራከርኩም። «እንዳይጠፋ አስቀምጡልን፣ ለፖሊስ ትሰጣላችሁ» የሚል ደብዳቤ ከነቀኑና ሰዓቱ አመጣሁ። አንድ ነገር ግን እዚያው አጣራሁ፤ የመቅጃውን ሰዓት ከስልኬ ሰዓት ጋር። ሩብ ሰዓት ያህል ይቀድማል። ደብዳቤው ላይ ይህንን ባልጽፍበት ኖሮ ሌላ ሰዓት ፈልገው «ምንም የለም» ይሉን ነበር።

ለኢንሹራንሱም በዚያው ቀን አሳወቅን። ውሉ የማሳወቂያ ገደብ አለው፣ የፖሊስ ማስረጃም ይጠይቃል። ፎርሙ ላይ ያየነውን ብቻ ጻፍን። «ሰክሮ ይመስላል» የሚለውን የጋሼን ቃል አስወጣሁት፤ አፉን አላሸተቱትም። ገጪው ጨርሶ ባይገኝ እንኳ በብዙ አገር በእንዲህ ያለ አደጋ አካላቸው ለተጎዳ ሰዎች የሚከፍል ፈንድ አለ። እሱም አብዛኛውን ጊዜ በጊዜው ለፖሊስ ተመዝግቦ እንደሆነ ያያል።

መኪናው ተገኘ። ሁለቱ የታርጋ ቁጥሮች፣ ሞዴሉና ሸራው ፖሊስን አንድ በር ላይ አደረሱት። አንዱ የፊት መብራቱ አዲስ፣ ሌላው ደብዝዞ የቢጫ መልክ የያዘ ነበር። ጥጉ ላይ የኛ ቀይ ቀለም አለ። ሾፌሩ «ፈርቼ ነው» አለ። ያሳዝናል፤ ቢቆም ኖሮ ነገሩ በኢንሹራንስ ሊያልቅ ይችል ነበር። መሸሹ ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ሆነበት።

ጋሼ ያን ቀን «ምንም አልሆንኩም» እያሉ በግድ ነው ክሊኒክ የላክኋቸው። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ ሕመሙን ይደብቃል፤ የአንገት ሕመም በማግስቱ ወይ ከዚያም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። በነጋታው አንገታቸውን ማዞር አቃታቸው። የኢንሹራንሱ ሰው «ይሄ ከአደጋው የመጣ ነው?» ሲል የአደጋው ቀን የተጻፈውን የሐኪም ካርድ ሰጠሁት። «መጠነኛ የአንገት መገተር» ይላል፣ ከነሰዓቱ። ጋሼ አሁን ፊዚዮቴራፒ ይመላለሳሉ። ፒክአፗን ለጊዜው ረዳቱ ይይዛታል፤ መንጃ ፈቃዱን አውጥቷል።