ገመና የማይሸፍን በር

አዲስ የትምህርት ቤት መጸዳጃ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ የክፍሎቹ ብዛት ይነገራል፣ ፎቶ ይነሣል። ገባ ብሎ በሩን ከውስጥ ዘግቶ የሚሞክር የክብር እንግዳ ግን የለም። ጥቂት ወራት ቆይታችሁ ብትመለሱ ሴት ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ሲሄዱ ታያላችሁ፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ከውጭ ይዛ ትቆማለች። የሚይዝላት ያጣች ደግሞ ጠዋት ውኃ ሳትጠጣ ትመጣለች፣ ሽንቷንም እስከ ቤቷ ትቋጥራለች፤ ይህ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ለሆድ ድርቀት ያጋልጣል። መነሻው ብዙ ጊዜ አንዲት መቀርቀሪያ ናት።

መቀርቀሪያው ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሱት ልጆች ናቸው። በሩን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ግን የመጀመሪያው ችግር ማጠፊያው ላይ ነው። የላሜራ በር ከባድ ነው። በሁለት ትንንሽ ማጠፊያ ተሰቅሎ፣ ልጅም ተንጠልጥሎበት፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ሳንቲ ሜትር በወረደ ጊዜ የመቀርቀሪያው ዘንግ ከቀዳዳው ጋር አይገጥምም። ልጅቷ በሩን በጉልበቷ ወደ ላይ አንሥታ ለመዝጋት ትታገላለች፣ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ማጠፊያው ሦስት ይሁን፣ በደንብም ይበየድ። ዘንጉ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ብረት ይሁን። የሚገባበት ቀዳዳ ደግሞ ክብ ከሚሆን ወደ ላይና ወደ ታች 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርዘም፤ በሩ ትንሽ ቢወርድም ይዘጋል። ከሱቅ የሚገዛው ቀጭን መቀርቀሪያ በአራት ትንንሽ ብሎን ታስሮ የተማሪ ርግጫ አይችልም።

ከፍታው ሌላ ጣጣ ነው። በያጅ ለራሱ ቁመት በሚመቸው ቦታ ይበይደዋል፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ አይደርስበትም። ከወለሉ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ትንሹም ትልቁም ይደርስበታል። ውስጥ ያለ ልጅ ራሱን ቢስት መክፈቻ እንዲኖር በዘንጉ ትክክል በበሩ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የምትሰፋ ቀጭን ስንጥቅ ማስቆረጥ ይቻላል። ዘንጉ ራሱ ከውስጥ ስለሚሸፍናት አታሳይም፤ ጠባቂ ግን ካቻቪቴ አስገብቶ ዘንጉን ይገፋዋል።

አሁን የበሩን ውጭ እዩ። በየክፍሉ በር ላይ የጓጉንቸር ቁልፍ ማንጠልጠያ ተበይዷል? አስቆርጡት። ማታ ለመቆለፍ በዋናው መግቢያ ላይ አንድ ይበቃል። በየበሩ ላይ ያለው ማንጠልጠያ ዋና አገልግሎቱ አንዱ ልጅ ሌላውን ከውጭ ቆልፎበት እየሳቀ መሮጥ ነው። እንዲህ የተደረገበት ልጅ ደግሞ ዳግመኛ ብቻውን አይገባም።

በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ወይስ ወደ ውጭ የሚለው ክርክር ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር መቀርቀሪያው ቢሰበር እንኳ በእጅ ወይም በእግር ገፍቶ መያዝ ይቻላል። ግን ክፍሉ ጠባብ ከሆነ በሩ የመጸዳጃው ቀዳዳ ድረስ ይመጣል፤ የወደቀ ሰው ካለም አይከፈትም። እኔ ወደ ውጭ የሚከፈተውን እመርጣለሁ፤ ከውስጥ በኩል ጠንካራ እጀታ ይበየድለት፣ መቀርቀሪያውም ከላይ እንዳልኩት ይሁን። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚገባ ተማሪ በሚሠራው ክፍል ግን ምርጫ የለም፦ ወደ ውጭ፣ ነጻ ስፋቱም ከ90 ሳንቲ ሜትር የማያንስ።

ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ ግማሽ ላይ የቆመ ከሆነ ስልክ ከላይ አሻግሮ ፎቶ ማንሣት ይቻላል። ይህ ድሮ ያልነበረ ሥጋት ነው፤ የድሮ ፕላን ይዞ የሚገነባ ሁሉ ሊያስብበት ይገባል። ብሎኬቱ እስከ ጣሪያ ይድረስ፣ ለአየር በኋላ ግድግዳ በኩል ከራስ በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት በወንፊት ሽቦ ተሸፍኖ ይተው። በበሩ ሥር ያለው ክፍተት 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ወለሉ ወደ ቀዳዳው ዘንበል ብሎ ሊሾ ከተደረገ ውኃውን ለማስወጣት ብሎ በሩን ማሳጠር አያስፈልግም። ከቆርቆሮ በተሠራ መጸዳጃ ትልቁ ችግር አሮጌ ቆርቆሮ ነው፦ ከሌላ ቤት ተነቅሎ ሲመጣ የሚስማሩን ቀዳዳ ይዞ ይመጣል። ፍተሻው ቀላል ነው። በቀትር ገብታችሁ ዝጉና ብርሃን የሚያስገባውን ነጥብ ሁሉ በጠመኔ ክበቡት። ከዚያ በሪቬት ወይም ከውስጥ በሚመታ የላሜራ ቁራጭ ድፈኑት። ወረቀትና ጭቃ እስከ ክረምት እንኳ አይቆይም።

ቦታውን ስትመርጡ መንገዱ ይታይ፣ ውስጡ አይታይ። ሽታውን ለመሸሽ ሲባል መጸዳጃውን ከግቢው ጓሮ አጥር ሥር መወሸቅ የተለመደ ነው፤ ሴት ልጅ ብቻዋን ልትሄድበት የምትፈራው ቦታ በትክክል እሱ ነው። የወንዶቹና የሴቶቹ መግቢያ ፊት ለፊት አይሁን፣ ቢቻል ሕንፃውም ይለይ። ከበሩ ፊት ከ1 ሜትር ከ20 ያህል ራቅ ብሎ 2 ሜትር ቁመት ያለው መከለያ ግድግዳ ሲቆም በሩ ሲከፈት ከሜዳ የሚያይ አይኖርም።

የወር አበባ ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት «የሴቶች ክፍል» ተብሎ በደንብ የተሠራ ክፍል ይኖርና ቁልፉ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ይሰቀላል፣ እንዳይጠፋ በአንድ ክንድ እንጨት ታስሮ። ልጅቷ ቢሮ ገብታ ትጠይቃለች፤ ያንን እንጨት ይዛ ሜዳውን ስታቋርጥ ለምን እንደምትሄድ የማያውቅ የለም። ስለዚህ አትጠይቅም፣ ቤቷ ትሄዳለች ወይም ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ተቀምጣ ትውላለች። ክፍሉ እንዲሠራ ከተፈለገ በትምህርት ሰዓት ሁሉ ክፍት ይሁን፤ ሞዴስ ይሰረቃል ከተባለ በየጠዋቱ ጥቂት ጥቂት ይቀመጥ። ቢሰረቅም የሚወስዱት የሚያስፈልጋቸው ናቸው።

ውስጡ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ቦርሳና ዩኒፎርም የሚሰቀልበት ማንጠልጠያ፣ ሞዴስ የሚቀመጥበት ትንሽ መደርደሪያ፣ ውኃ በክፍሉ ውስጥ፣ ክዳን ያለው ቅርጫት። ቅርጫቱ በየክፍሉ ይሁን፤ መግቢያው ላይ ከተቀመጠ በሰው ፊት ይዞ መውጣትን ስለሚጠይቅ ሞዴሱ ጉድጓድ ውስጥ ይጣላል። ሞዴስ ፕላስቲክ ስላለበት አይበሰብስም፤ ጉድጓዱን ቶሎ ይሞላል፣ የመምጠጫ መኪናውንም ቱቦ ይደፍናል። ማቃጠያ ካለ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ይለኮስ። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ መስታወት። ፊት ብቻ የሚያሳየው ሳይሆን ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ረጅም መስታወት። ልጅቷ ዞር ብላ የቀሚሷን ኋላ አይታ ወደ ክፍል እንድትመለስ ነው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መቀመጫ፣ ለ50 ወንዶች ደግሞ አንድ መቀመጫና አንድ መሽኛ ይላል። 600 ሴት ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት 24 መቀመጫ መሆኑ ነው። 8 ብቻ ካለ አስሉት፦ አንዷ 3 ደቂቃ ብትፈጅ በ15 ደቂቃ እረፍት በ8ቱም ክፍሎች የሚስተናገዱት 40 ናቸው። የቀሩት በር ያንኳኳሉ፣ «ቶሎ በይ» ይላሉ፣ በሩን ይጎትታሉ። ግንባታ እስኪመጣ እረፍቱን በክፍል ደረጃ ከፋፍሎ ማስወጣት ምንም ወጪ የለውም። በትምህርት መሀልም ፈቃድ ሲጠየቅ መምህሩ በሰው ፊት «ለምን?» ባይል ጥሩ ነው። በር አጠገብ የተሰቀለች መውጫ ካርድ አንሥቶ መሄድ ይበቃል። በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስሌቱን የሚሠራው ትልቁን ፈረቃ ይዞ ነው።

ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ባለ ፍላሽ መቀመጫ መግጠም ያለፈውን ሰው ገመና ለሚቀጥለው ማሳየት ነው። በጆግ ውኃ የሚደፋበት የቁጢጥ መቀመጫ ይሻላል፤ ለአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሊትር ይበቃዋል። 600 ልጅ አንድ አንድ ጊዜ ብትጠቀም በ3 ሊትር ሂሳብ 1,800 ሊትር ነው፤ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ከአንድ ቀን አያልፍም። በውኃ የሚታጠቡ ብዙ ስለሆኑ ጆጉ በየክፍሉ መኖር አለበት፤ ውጭ ከበርሜል ቀድቶ መግባት ያው እንደ ቁልፉ እንጨት ነው።

መሥሪያ ቤቶች ከዚህ ብዙም አይለዩም። የኃላፊዎቹ ተቆልፎ ንጹሕ ነው፣ የሠራተኛው ክፍት ሆኖ ቆሻሻ። ትምህርት ቤትም የመምህራኑ እንደዚሁ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 የመጸዳጃ አገልግሎትን ከውኃ ለይቶ ራሱን የቻለ ሰብዓዊ መብት ሲያደርገው ገመናን የሚጠብቅና ክብርን የሚያስከብር ይሁን፣ በሁሉም የሕይወት ዘርፍ ይሁን ብሏል። ለኃላፊ ብቻ የሚል አላነበብኩበትም።

ለወላጅ መምህር ኅብረት አባላት አንድ ነገር ልጨምር። ኮንትራክተሩ በጊዜያዊ ርክክብ ቀን የሚያስረክባችሁ በር ሁሉ ይዘጋል። የሚወርደው በኋላ ነው። ከመጨረሻው ርክክብ በፊት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት አለ፣ ከክፍያውም የተያዘ ገንዘብ አለ። ያ ገንዘብ ሳይለቀቅ አንዲት የአንደኛ ክፍል ተማሪና አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይዛችሁ በየበሩ ግቡ፤ ከውስጥ ይዝጉ፣ እናንተ ከውጭ ሳቡ። ያልያዘውን በር ቁጥር ጽፋችሁ ለበያጁ ስጡት።