የፈነዱት ሦስት ጀበናዎች

ቅዳሜ ማታ፣ ደብረ ማርቆስ

እጄ ዛሬም ጭስ ጭስ ይላል። ሁለት ጊዜ ታጥቤዋለሁ፤ አለቀቀም።

ሰባት ጀበና ነበር የሠራሁት። ትናንት ስናቃጥል በደህና የወጡት አራቱ ናቸው። ሦስቱ ኩበቱ ውስጥ እንዳሉ "ጧ!" እያሉ ፈነዱ። ሸክላ ሥራ የሚያስተምሩኝ እማማ ከት ብለው ሳቁብኝ። "አላልኩሽም? ውስጡ አልደረቀም። ችኩል ነሽ።" እውነታቸውን ነው። ላዩ ነጣ ሲልልኝ የደረቀ መስሎኝ ነበር። ለካ ወፍራሙ መቀመጫው ውስጥ ውሃ ቀርቶ ኖሯል። ያ ውሃ እሳት ሲነካው እንፋሎት ይሆንና መውጫ ሲያጣ ሸክላውን ይበትነዋል።

እማማ ዘንድ መመላለስ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። አፈሩን ከወንዝ ዳር ቆፍረን እናመጣለን፤ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይቦካል። ዋናው ግን ገሉ ነው። የተሰበረ ምጣድ፣ የተሰበረ እንስራ እንደ በርበሬ ወቅጠን ከጭቃው ጋር እንለውሰዋለን። ገል ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የፈነዱትንም ሰብስበው ጥግ ላይ አስቀመጡልኝ። "ለሚቀጥለው" አሉ።

የሚሽከረከር የሸክላ መሥሪያ የለም፤ ሁሉም በእጅ ነው። እማማ የጀበናውን አንገት ሲያወጡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እኔም ሳላስበው አብሬ እይዛለሁ።

ከአራቱ አንዱን ለእናቴ፣ አንዱን ለእድራችን ሰጠሁ። አንዱን እማማ አስቀሩት። የቀረውን ዛሬ ጎረቤቶች ቡና ሲሰበሰቡ አውጥቼ አሳየሁ። እትዬ አገላብጠው አዩት፣ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። "ድምፁ ደህና ነው" አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ግን እዚያ ቤት ቡና ትጠጫለሽ እንዴ?"

ምን ለማለት እንደፈለጉ ገባኝ። ሸክላ ሠሪን ቡዳ ማለት የቆየ በሽታችን ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ይኸው መቶ ዓመት አለፈው። እንጀራችን ከእነሱ ምጣድ፣ ወጣችን ከእነሱ ድስት ነው። እነሱ ቤት ሲኒ ማንሳት ግን ያስፈራናል። (አልዋሽም፣ የመጀመሪያ ቀን የእኔም እጅ ፈራ ተባ ብሏል።)

"እጠጣለሁ፤ እስከ በረካ" አልኳቸው። ዝም አሉ። ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ ዞረ።

ሲወጡ ግን ጀበናውን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘው ተነሡ። "አሟሽቼ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አፈላበታለሁ። ነይ" አሉኝ።

እማማን ይዣቸው ልምጣ ወይ አላልኳቸውም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።