ወረቀቱ ላይ የቀረው
ዛሬ አንድ ወረቀት ይዤ የምገዛቸውን የኮምፒውተር ክፍሎች ስጽፍ ስሰርዝ ዋልኩ። ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩት ገንዘብ ኮምፒውተር ሊሆን ነው፤ ቀን ቪዲዮ የማቀናብርበትና በብሌንደር፣ በ3ዲ ምስል መሥሪያው ፕሮግራም፣ የምሠራበት፣ ማታ ጌም የምጫወትበት።

ከሁሉም የከበደኝ ምስሉን የሚሠራው ክፍል፣ የግራፊክስ ካርዱ ነው። ልቤ አርቲኤክስ 4070 የሚባለው ካርድ ላይ አርፎ ነበር፤ ነገር ግን የካርዱ ሜሞሪ 12 ጊጋባይት ነው። ለጌም ይበቃኛል። ብሌንደር ላይ ግን ትልቅ ትዕይንት ከካርዱ ሜሞሪ ሲያልፍ ሥራው ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ጭራሹን ይቆማል። ስለዚህ 16 ጊጋባይት ወዳለው 4070 ቲአይ ሱፐር ተሻገርኩ። ለእሱ ስል ባለ መብራቱን ሣጥንና ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ውዱን ማዘርቦርድ ያለ ጸጸት ሰረዝኩ። ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ የሚይዝበት ራም ባለ 16 ጊጋባይት ሁለት ፍሬ ነው፤ ጥንድ ሲሆን መረጃው በሁለት መስመር ይመላለሳል።

ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን አንድ ብር አልቀነስኩም። የድሮው ኮምፒውተሬ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ነበረው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ጧ አለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ያላለቀው የእህቴ የሠርግ ቪዲዮ አብሮት ሄደ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። አሁን 750 ዋት፣ ከጎኑም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስ።

ማታ እህቴ ወረቀቱን አንሥታ እስከ ታች አነበበችውና «መጠባበቂያ ዲስክስ?» አለችኝ። እስክሪብቶውን ተቀብያት ጻፍኩት።