የኬፕ ታውን ደመና የት ገብቶ ይቀራል?

ኬፕ ታውን ውስጥ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል። ዕቃ የሚያወርደውም፣ ውሻውን ይዞ የሚንሸራሸረውም። የሚያዩት ተራራውን ነው፤ ነፋሱ ዛሬ ምን እንዳሰበ የሚያሳብቀው እሱ ስለሆነ። እኔም ወዲያው ለመደብኝ።

ተራራው ቴብል ማውንቴን ይባላል። ቁመቱ ከባሕር ወለል 1,086 ሜትር ነው። ደገኛ ከሆናችሁ ቁጥሩ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል፤ ግን እዚህ ቁመቱ የሚቆጠረው ከዜሮ ነው፣ ባሕሩ እዚያው ከተማው እግር ሥር ነው። አናቱ ደግሞ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ዝርግ ሆኖ ይሄዳል። ጠረጴዛ ያሰኘውም ይኸው ነው።

የሄድኩት በታኅሣሥ ነው፣ እዚያ በጋ ሲሆን። በበጋ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሳ ኃይለኛ ነፋስ አለ። የከተማውን ቆሻሻ አየር ጠራርጎ ስለሚወስድ ነዋሪዎቹ «ኬፕ ዶክተር» ይሉታል። ዶክተር ሲባል ለስላሳ እንዳይመስላችሁ። የመኪና በር በሁለት እጅ ነው የሚከፈተው፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ደግሞ አንድ እጁ ጭንቅላቱ ላይ እንደሆነ ይውላል።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ አናቱ ላይ ነጭ ደመና ተነጠፈ። ሌላው ሰማይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፣ ደመና ያለው ተራራው ላይ ብቻ። ከዚያ ገደሉን አልፎ ወደ ከተማው መፍሰስ ጀመረ። ስሙም የታወቀ ነው፣ «የጠረጴዛው ልብስ» ይሉታል። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አሁንስ ቤቶቹን ሸፈናቸው ስትሉ ገደሉ ወገብ ላይ ያልቃል። በቃ፣ የለም።

የት እንደሚገባ ለማየት አንዷን ቁራጭ ደመና መርጬ በዓይኔ ተከተልኳት። ከጫፉ ተነሳች፣ ቁልቁል ተንደረደረች፣ ሳሳች፣ ከጀርባዋ ያለው ግራጫ ድንጋይ ታየ፣ ጠፋች። ሌላዋን ያዝኩ፣ እሷም እዚያው አካባቢ ስትደርስ ጠፋች። ከላይ ግን አዲስ እየመጣ ስለሚተካ የደመናው ዳር ሰዓታት ሙሉ ንቅንቅ አይልም። ከሩቅ የሚያየው ሰው ቆሞ የዋለ ደመና ነው የሚለው። የቆመ ነገር ግን የለም፤ በአንድ በኩል ይፈጠራል፣ በሌላው በኩል ይጠፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነፋሱ ከተራራው ማዶ፣ ፎልስ ቤይ በሚባለው ባሕረ ሰላጤ በኩል፣ የባሕር እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል። ተራራው መንገድ ይዘጋበትና ሽቅብ መውጣት ግድ ይሆንበታል። አየር ከፍ ባለ ቁጥር ጫናው ስለሚቀንስለት ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል፤ ደመና እስኪሆን ድረስ በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ። አናቱ ጋ ሲደርስ የተሸከመውን ተን መያዝ ያቅተዋል፣ ተኑም ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል። በከተማው በኩል ሲወርድ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ይታመቃል፣ ይሞቃል፣ ጠብታው መልሶ ተን ይሆናል። ነፋሱ ከተማ ይገባል፣ ደመናው በር ላይ ይቀራል።

ደመናው ወደ ላይ የማይከመርበትም ምክንያት አለው። በበጋ ከዚህ ነፋስ በላይ ሞቅ ያለ ደረቅ አየር ይተኛል። ከታች የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ያንን ሰብሮ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ይነጠፋል እንጂ አይቆለልም፣ ዝናብም ብዙ ጊዜ አይጥልም።

የአገሩ ሰው ሌላ ምክንያት ነው ያለው። ቫን ሁንክስ የሚባል ሽማግሌ የባሕር ወንበዴ ነበር አሉ፤ ከሰይጣን ጋር ፒፓ የማጨስ ውድድር ገጥሞ ደመናው የሁለቱ ጭስ ነው። አጠገቡ ያለው ጫፍ ዴቪልስ ፒክ፣ የሰይጣን ጫፍ፣ ነው የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ1751 ኬፕ የመጣው ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ላካይም በተራራው ስም አንድ የኮከብ ስብስብ ሰይሟል፤ ትልቁ የማጄላን ደመና የሚባለው ጋላክሲ በከፊል እዚያ ውስጥ ይገባል። ጠረጴዛው ሰማይ ላይም ልብሱን አላጣም።

በማግስቱ ነፋሱ ሳይነሳ በኬብል ካር፣ በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄደው ማመላለሻ፣ ወጣሁ። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። የአሁኑ 65 ሰው ይይዛል፣ ወለሉ እየዞረ ስለሚወጣ ለመስኮት መጋፋት የለም። ላይ ብዙም ሳልቆይ ደመናው መጣ። ውስጡ ስትሆኑ ደመና አይመስልም፤ ቀዝቃዛ ጉም ነው፣ ቅንድብ ያረጥባል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቀጫጭኑ ሣር ሁሉ ጠብታ አንጠልጥሏል፣ ጠብታው ሲከብድ ይወርድና ሌላ ይተካል። ዝናብ ግን አልዘነበም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማርሎት የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ይህንኑ እዚሁ ተራራ ላይ ለካው። ሁለት የዝናብ መለኪያ አቆመ፤ አንደኛው ባዶ፣ ሁለተኛው አፉ ላይ ሸምበቆ የተተከለበት። ሸምበቆው ያለበት ብዙ እጥፍ ውሃ ሰበሰበ። በደረቁ በጋ እዚያ ላይ ያለው ተክል ከደመናው ጭምር ነው የሚጠጣው ማለት ነው።

ክረምት ላይ ነፋሱ አቅጣጫውን ይቀይራል፣ ከሰሜን ምዕራብ ዝናብ ይዞ ይመጣል። ያኔም ቢሆን ተራራው እኩል አያካፍልም። ምሥራቃዊው ግርጌ ላይ ያለው ኒውላንድስ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛል፣ ሜዳው ላይ ያለው ኤርፖርት 500 ገደማ። በመኪና ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ስለዚህ «የኬፕ ታውን አየር እንዴት ነው?» የሚባል ጥያቄ ብዙም አያስኬድም፣ የት ሰፈር እንደሆነ መጠየቅ ነው።

በበጋ የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ውጡ፣ ሙቀት ቢሆንም ጃኬት ያዙ። ነፋስ ከተነሳ ኬብል ካሩ ይቆማል፤ ከዚያ በፊት ውረዱ የሚል ጡሩምባ ይነፋል፣ ስትሰሙ አትከራከሩ። ደመናው ሲፈስ ማየት ነው የምፈልገው ካላችሁ ደግሞ ተራራው ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ ፊት ለፊቱ ሲግናል ሂል የሚባል ዝቅ ያለ ኮረብታ አለ፣ በመኪና ይወጣል፣ ገደሉ ወለል ብሎ ይታያል።