ባሌ ስትሄዱ ፍልፈሉን ፈልጉ

ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምሠራው። በቢሮአችን ጉዞ የማደራጀው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፤ መዋጮውን ስለምሰበስብ ጣጣውም አብሮ መጣ። «የት እንሂድ?» ሲሉኝ «ምን ማየት ነው የፈለጋችሁት?» እላለሁ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ፓርክ የሚሄደው ቅዳሜ ነው። ቁርስ ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ የዘገየው ተጠብቆ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ከመስቀል አደባባይ ይነሳል። አዋሽ ፓርክ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈጣን መንገዱ አዳማ ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ከከባድ መኪና ጋር መጋፋት ነው። ስንደርስ ቀትር አልፏል። ሳላ፣ ያ ቀንደ ረጅሙ የዱር እንስሳ፣ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ በዚያ ሐሩር ጥላ ይዟል። ፏፏቴው ጋ ፎቶ እንነሳና «ባዶ ፓርክ!» ብለን እንመለሳለን። ዓርብ ማታ አዋሽ ሰባት አድሮ በማለዳ የገባ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው የሚያየው።

ባሌ የተገላቢጦሽ ነው። ሰነቲ በሚባለው የባሌ ተራሮች ፓርክ አምባ፣ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነው። ዋና ምግቡ ግዙፉ ፍልፈል ነዋ! ይሄ ፍልፈል ከባሌ በቀር የትም የለም፤ ከጉድጓዱ ብቅ የሚለውም ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው። ብቅ ሲልም በግማሹ ነው። ዙሪያውን ያለውን ሣር በጥርሱ ይነጫል፣ አፉን ይሞላል፣ ወደ ኋላው ሸርተት ብሎ ይገባል። ቀበሮው ደረቱን መሬት አስነክቶ ይጠጋል። ፍልፈሉ ሲገባ ይራመዳል፣ ሲወጣ ድርቅ ይላል። ከዚያ ዘሎ ይወረወራል። እኔ ያየሁት ቀበሮ ያተረፈው አፍንጫው ላይ አፈር ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሰነቲ ላይ ቀበሮ ፍለጋ አትሩጡ። አዲስ የተቆፈረ አፈር የበዛበት ቦታ ሞተር አጥፉና ከመኪናው ሳትወርዱ ጠብቁ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ እዚያው ባሌ ነው።

መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሦስት ሌሊት ያነሰ ዕረፍት ካላችሁ ተዉት። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ እደሩ። የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ በእግር ወጣ ብላችሁ ታያላችሁ፤ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይዛችሁ ግን። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጋቢ አትርሱ። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ጊዜ ካገኛችሁም አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ያለውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጎራ በሉ። አጋዘንና ድኩላ ለይቶ የሚሄድ ሰው ጎረቤቱን «ምንድነው እሱ?» እያለ አያደክምም።

ይህን ሁሉ ሳስረዳ የመዝገብ ቤቱ ጋሼ «ልጄ፣ ለአይጥ ብለን ነው ባሌ ድረስ የምንሄደው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

ለኅዳር እየመዘገብኩ ነው። እሳቸውም ገብተዋል፤ «መቼም ሮቤ ጥብስ አይጠፋም» ብለው።