ሁለት ጣት ደረስኩ

ትናንት ማታ ልጄን አስተኝቼ በጀርባዬ ተጋደምኩና ሆዴን ለካሁ። ሁለት ጣት! በወለድኩ በስድስተኛው ሳምንት አራት ጣት ሙሉ ይገባ ነበር፤ አሁን አምስተኛ ወሬ ነው። ለማን ልንገር ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

አለካኩ ቀላል ነው። ጉልበት አጥፋችሁ በጀርባችሁ ተኙ፣ ጭንቅላታችሁን ትንሽ ቀና አድርጉ፣ ከዚያ እምብርት አካባቢ በጣት ጫን ጫን። መሀል ላይ ጎድጎድ የሚለው በእርግዝና ጊዜ ጡንቻው ግራና ቀኝ የተለያየበት ቦታ ነው።

የአራስ ቤቱን አላስረዝምም። እናቴ ከደብረ ብርሃን ኮዬ ፈጬ ድረስ መጥታ አረሰችኝ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ሆዴን በመቀነቷ ማሰሩ፣ ምንም አልጎደለብኝም። እሷ ስትሄድ ግን ከመርካቶ የሚለጠጥ የሆድ ቀበቶ አስገዛሁ። ችግሬ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

ባጠበቅኩት ቁጥር ሆዴ ቶሎ የሚገባ መሰለኝ። ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አስሬው እውላለሁ፣ አስሬው አድራለሁ። ላጠባ ስቀመጥ ተጠቅልሎ ጡቴ ስር ይገባል፣ ወገቤ በሙቀት ሽፍ አለ። ከዚያ ሳል ሲይዘኝ ሽንቴ ጠብ ማለት ጀመረ። ለባሌ እንኳ አልተናገርኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁሉም አራስ እንዲህ ነው እያልኩ ዝም አልኩ።

የልጄን የ10ኛ ሳምንት ክትባት ላስከትብ ጤና ጣቢያ ስሄድ ነው እንደምንም ለሲስተሯ የነገርኳት። «ፌስታል ውስጥ ያለ ሊጥ መሀሉን ብትጨብጪው የት ይሄዳል?» አለችኝ። ወደ ታች። ሆዴን ሳጠብቅ ጫናው ፊኛና ማህፀንን ደግፎ በያዘው የታችኛው ጡንቻ ላይ ነው የሚያርፈው፤ እሱ ደግሞ በምጥ ደክሟል።

ከዚያ ወዲህ ተኝቼ ነው የማስረው፣ ከዳሌ ጀምሬ ወደ ላይ፣ ሁለት ጣት በቀላሉ እስኪገባ አላልቼ። ሥራ ሲበዛብኝ ጥቂት ሰዓት እንጂ ማታማ በፍጹም። ቀበቶ ጡንቻ አይገጥምም፣ ስብም አያቀልጥም። «በወር ልጥፍ ያደርግሻል» የሚሏችሁን ሻጮች አትስሟቸው። ወገብ ይደግፋል፣ በኦፕራሲዮን ለወለደች ደግሞ ስትነሳና ስታስል ቁስሉን ይይዝላታል። ለእኔ የሠራው ትንፋሹ ነው፦ ቀስ ብሎ እያስወጡ ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ፣ የታችኛውንም ጡንቻ ሽንት እንደመያዝ አብሮ ማንሳት። ጠዋት 10 ጊዜ፣ ማታ 10 ጊዜ። በጀርባ ተኝቶ ደረትን ይዞ ብድግ የሚባልበትን የሆድ ስፖርት ገና አልነካሁትም።

ከሁሉም የእናቴን መቀነት እመርጣለሁ። ጥጥ ነው፣ አያልብም፣ አይጠቀለልም። ብቻዬን ግን አስተካክዬ ማሰር አልሆነልኝም፣ ስለዚህ በአብዛኛው ያንኑ የመርካቶውን ነው የምጠቀመው።

አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። በ80ኛው ቀን፣ ለልጄ ክርስትና፣ የሀበሻ ቀሚሴ እንዲያምርብኝ ብዬ ያን ሁሉ ምክር ትቼ እንደ ድሮው ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ማታ እንግዳው ሲሸኝ ታች የሆነ ነገር ሊወርድ የደረሰ ያህል ከበደኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን በሳል ጊዜ አያመልጠኝም። ውኃ ጠፍቶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ግን አሁንም ጠብ ይላል። ሲስተሯ ፊዚዮቴራፒ ልካኛለች፣ ቀጠሮዬ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። እዚያ የሄደች ካለች ምን እንደሚያሠሩ ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።